አልፋዋን ይዘህ ወደ ጅማ ከመነሳትህ በፊት

ይድረስ ለወንድም ዓለም፣

እንደምን ሰነበትክ? ቤተሰብ፣ ልጆች እንዴት ናቸው? እዚህ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። የበልጉ ዝናብ ጀምሯል፣ ቡናው አብቧል። ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን በማጥፋቴ ይቅር በለኝ። አሁን ብዕር ያስነሳኝ አልፋ ሮሜዮ 164 መግዛትህንና ይዘሃት ልትመጣ ማሰብህን መስማቴ ነው። እንኳን ደስ ያለህ! ግን አደራህን፣ ይህን ሳታነብ እንዳትነሳ።

መኪናዋ ግሩም ናት። የፒኒንፋሪና ቅርጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ስትወጣ መሠረቷን ከፊያት ክሮማ፣ ከላንቺያ ቴማና ከሳብ 9000 ጋር ተጋርታ ነበር፤ ከጎን ስታያት ግን ከእነሱ ጋር የሚያዛምዳት ነገር አይታይህም። ያንተዋ ባለ 3.0 ቪ6 ከሆነች ሞተሩ የጁሴፔ ቡሶ ሥራ ነው። ኮፈኑን ስትከፍት ስድስቱ የሚያብረቀርቁ የአየር ቱቦዎች ጎን ለጎን ተደርድረው ታገኛቸዋለህ። ዙሩ ከ4,000 ሲያልፍ የምትሰማው ድምፅ ደግሞ ለብቻው ያስገዛል።

የሚያስቸግረው እዚያው ሞተር ላይ ያለው ቺንጋ፣ ማለትም ቫልቮቹን የሚከፍተውን ካምሻፍት ከሞተሩ ዙር ጋር አስማምቶ የሚያዞረው ቀበቶ ነው። የቀድሞው ባለቤት መቼ እንደቀየረው ወረቀት ከሌለህ፣ አልተቀየረም ብለህ ቁጠር። ይህ ቺንጋ ከተበጠሰ ወይም ጥርስ ከዘለለ ቫልቮቹ ከፒስተን ይጋጫሉ፣ ይጣመማሉ፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይወርዳል። ዘዴው በየ50 ሺህ ኪሎ ሜትር ወይም በየ4 ዓመቱ፣ ከሁለቱ በቀደመው መቀየር ነው። ባለ 12 ቫልቩ ላይ ደግሞ የተለየ ጣጣ አለ፤ ቺንጋውን የሚወጥረው ክፍል በሞተር ዘይት የሚሠራ ነው። ጎማው ሲያረጅ ዘይቱ ያንጠባጥባል፣ ዘይት የነካው ቺንጋ ደግሞ ይለሰልሳል፣ ዕድሜው ያልቃል። የቺንጋውን መሸፈኛ አውልቀህ በባትሪ መብራት ወደ ታች ተመልከት። እርጥብ ጥቁር ቆሻሻ ካየህ ወጣሪው በዘይት በማይሠራው ዓይነት ይቀየር። አንዴ ከተፈታ አይቀር የውሃ ፓምፑና የካምሻፍቱ የዘይት ማገጃ ጎማዎችም አብረው ይቀየሩ፤ ለብቻ ለብቻ ብትላቸው ያንኑ ሥራ ሦስት ጊዜ ትከፍላለህ። ሲገጠም ሞተሩ የቀዘቀዘ ይሁን። ካምሻፍቱና ክራንክሻፍቱ ላይ ያሉት ምልክቶች ከገጠሙ በኋላ ሞተሩ በእጅ፣ በመፍቻ ቁልፍ፣ በሚዞርበት አቅጣጫ ብቻ ሁለት ሙሉ ዙር ይዙርና ምልክቶቹ እንደገና ይታዩ። ካልገጠሙ ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻው) አይነካ።

ለዚች መኪና የሚሆን ቋንቋ ጋራዦቻችን ውስጥ ድሮም አለ። ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ፣ ቴስታታ፣ ሞተሪኖ፣ ራሱ ቺንጋውም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። መካኒኩ ስሙን አሳምሮ ያውቃል። አንተ የሞተሯን የምልክት ሥዕል አትመህ ስጠው እንጂ በግምት እንዲገጥም አትተወው።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። የራዲያተሩ ማራገቢያ ሁለት ፍጥነት አለው። ዝግተኛውን የሚያሠራው ሬዚስተር ይቃጠላል፣ ያኔ ማራገቢያው ሙቀቱ በጣም ካልከረረ አይነሳም። መኪናዋን አቁመህ፣ ኤር ኮንዲሽነሩን አጥፍተህ ሞተሩን አስነሳና ጠብቅ፤ መጀመሪያ በቀስታ መዞር አለበት። የኩላንቱን ክዳንም ተመልከት። ጅማ ወደ 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከዚያም ባነሰ። ኩላንቱ ሳይፈላ እንዲቆይ የሚያደርገው ክዳኑ ያፈነው ግፊት ነውና ከሌላ መኪና የመጣ ልቅ ክዳን ብቻውን ሊያፈላት ይችላል። ግማሽ ውሃ ግማሽ ኩላንት ሙላ፤ የቧንቧ ውሃ ብቻውን ዝገት ያመጣል።

ወልቂጤን አልፈህ ወደ ጊቤ ስትወርድ በማርሽ ያዛት፣ ፍሬን ላይ አትንጠልጠል። ከወንዙ ወዲህ ያለው ዳገት ረጅም ነው። መርፌው ከተለመደው ቦታ ከፍ ሲል ካየህ ኤር ኮንዲሽነሩን አጥፋና የካቢን ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈት፤ ላብ ያስጠምቅሃል፣ ሞተሩን ግን ያተርፋል። ካልወረደ ቁም። የጋለ ክዳን በፍጹም አትክፈት።

ኤሌክትሪኩን በተመለከተ፣ «ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል» ቢሉህ ቶሎ አትመን። በዚህ ዕድሜ ያለች መኪና ላይ መብራት ሲደበዝዝ፣ ጠቋሚዎች ሲያብዱ፣ ሞተሪኖ ሲሰንፍ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ማሳው፣ ማለትም የባትሪውን ኔጌቲቭ ከሞተሩና ከመኪናዋ ብረት ጋር የሚያገናኘው ሽቦ ነው። በመልቲሜትር ይለካል፦ አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ አድርግና ሰው ሞተሪኖውን ሲያዞር ቁጥሩን ተመልከት። ከ0.2 ቮልት በታች ጥሩ ነው፤ ከ0.5 ካለፈ ማሳው ታሟል። ፈትተህ ብረቱ እስኪያብረቀርቅ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍገው፣ አጥብቀህ እሰረው፣ በላዩ ቫዝሊን ቀባ። የጅማ ክረምት እርጥበት ያልተቀባ ማሳ አይምርም። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ካነበብክ ዲናሞው ደህና ነው።

የነዳጅ ጎማዎቹን ደግሞ ሳታመነታ ቀይር። ግፊቱ ወደ 3 ባር ይጠጋል፤ ለካርቡሬተር የተሠራ ጎማ አይችለውም፣ የሚያንጠባጥበው የጋለ ሞተር ላይ ነው። ካቢን ውስጥ ቤንዚን ከሸተተህ አትንዳት። የኤር ኮንዲሽነሩን በሮች የሚያዞሩት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ተሰብረው ሙቅ አየር ብቻ ቢመጣብህ ግን ጉዞ አያስቀርም፤ ቆይቶ ይሠራል።

ዕቃ አስቀድመህ ፈልግ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ እየተፈታ ዕቃ የሚሆን ሌላ 164 ይመጣል ብለህ አትጠብቅ። ደግነቱ ቺንጋው፣ ወጣሪው፣ ሬዚስተሩና የዘይት ማገጃ ጎማዎቹ ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ጥግ ይገባሉ።

ፋብሪካው የሚነግርህ 190 ፈረስ ገደማ ጉልበት በዚህ ከፍታ ወደ 160 ይወርዳል፤ አየሩ ስለሚሳሳ ነው እንጂ መኪናዋ ታማ አይደለም። ያም ሆኖ ከአዲስ አበባ ይልቅ እዚህ ትፈጥንልሃለች፤ ከሰኮሩ ወዲህ ልዩነቱን ራስህ ትሰማዋለህ።

የማሳውን ቁጥር ለክተህ ላክልኝና ቀን እንቁረጥ።

ከጅማ፣
ያንተው