አባዬ፣ የኋላዎቹ ስፒከሮች አልተበላሹም

አባዬ፣ እንዴት ከረምክ? ጉልበትህስ እንዴት ነው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ባለፈው መስመሩ እየተቆራረጠ ስለ ስፒከሮቹ የጀመርነውን ሳንጨርስ ቀረን። በስልክ «ያን ንቀል፣ ይሄን ሰካ» እያልኩ ከማስቸግርህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ ብዬ ነው። ማሙሽ አብሮህ ያንብበው። የኮምፒውተሩን ነገር እሱ ያውቀዋል፤ የሽቦውን ነገር ደግሞ አንተ ከሁላችንም በላይ ታውቃለህ።

ስፒከሮቹ ምንም አልሆኑም። ሰው ጠርተህ እንዳታስፈታቸው። ዲቪዲ ስታዩ ከኋላ ድምፅ ይወጣል ብለኸኛል፤ ማሙሽ ጌም ሲከፍት ነው የፊቶቹ ሁለቱ ብቻ የሚሰሙት። እንደዛ ከሆነ ስፒከሩም፣ የስፒከሩ ሽቦም፣ ሪሲቨሩም ደህና ናቸው። ሪሲቨር ስል የዲሹን ሳይሆን እህቴ የላከችልህን፣ ድምፁን ለስፒከሮቹ የሚያከፋፍለውን ትልቁን ጥቁሩን ነው። ችግሩ ከኮምፒውተሩ ወደ እሱ የሚሄደው ገመድ ላይ ነው።

ማሙሽ በፎቶ የላከልኝ፣ ጫፉ ላይ ቀይ ብርሃን የሚታይበት ቀጭን ገመድ ኦፕቲካል ይባላል። ድምፁን በብርሃን ያስተላልፋል። ጥሩ ገመድ ነው፣ መንገዱ ግን ጠባብ ነው። ያልታመቀ ጥሬ ድምፅ ከሆነ በሱ የሚያልፈው ሁለት ቻናል፣ ማለትም የሁለት ስፒከር ድምፅ ብቻ ነው። የአምስቱ ስፒከሮችና የባሱ፣ ስድስቱም እንዲያልፉ ከተፈለገ ድምፁ አስቀድሞ ዶልቢ ዲጂታል ወይም ዲቲኤስ በሚባለው ዘዴ መታመቅ አለበት። የዲቪዲ ፊልም ድምፅ ዲስኩ ላይ ሲቀዳ ጀምሮ ታምቆ የተቀመጠ ስለሆነ ማጫወቻው ሳይነካው ያሳልፈዋል፣ ሪሲቨሩ ፈትቶ ለአምስቱ ስፒከሮችና ለባሱ ያከፋፍለዋል። የጌም ድምፅ ግን ተቀድቶ የተቀመጠ አይደለም። ማሙሽ ወደ ግራ ሲዞር በግራው የነበረው ሰው ወደ ፊቱ ይመጣል፣ ድምፁም አብሮ መዞር አለበት፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩ ድምፁን እዚያው በዚያው እየሠራ ጥሬውን ይልከዋል። እየሠሩ ወዲያው የሚያምቁ ሳውንድ ካርዶች አሉ፣ የማሙሽ ኮምፒውተር ግን ያ የለውም። ለዚህ ነው ኦፕቲካሉ ሁለቱን ብቻ አሳልፎ አራቱን የሚያስቀረው።

መፍትሔው ኤችዲኤምአይ የሚባለው ገመድ ነው። እሱ ጥሬውን ድምፅ እስከ ስምንት ቻናል ከነምስሉ ይወስዳል። አንዱን ገመድ ከኮምፒውተሩ ግራፊክስ ካርድ አውጥታችሁ ሪሲቨሩ ጀርባ ካሉት መግቢያዎች በአንዱ ስኩት። ሌላውን ከሪሲቨሩ መውጫ ወደ ቴሌቪዥኑ። አለቀ። ማሙሽ ግን ልብ ይበል፣ ከማዘርቦርዱ ሳይሆን ከግራፊክስ ካርዱ ነው የሚሰካው። ኮምፒውተሩን መጀመሪያ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክቶ ድምፁን ከዚያ ወደ ሪሲቨሩ መመለስ የሚቀል ይመስላል፤ ተራው አርክ የሚባለው መመለሻ ግን ጥሬ ድምፅ ሲሆን እንደ ኦፕቲካሉ ሁለት ቻናል ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ይህን ያሻሻለው ኢአርክ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው ኤችዲኤምአይ 2.1 ጋር ስለሆነ ከዚያ በፊት የተሠራው የእናንተ ቴሌቪዥን የለውም።

ገመድ ከመንካታችሁ በፊት ግን ሁሉንም አጥፉ። ይሄን የምለው ለማሙሽ ነው፣ አንተማ ታውቀዋለህ። ሪሲቨሩ ከአሜሪካ ስለመጣ የሚሠራው በ120 ቮልት ነው፣ የቤታችሁ መብራት 220 ነው። ያለ ትራንስፎርመሩ አንድ ጊዜ እንኳ ሶኬት ላይ ከተሰካ ይቃጠላል። የትራንስፎርመሩ ዋት ከሪሲቨሩ ጀርባ ከተጻፈው በደንብ ይብለጥ፤ እኩል ከሆነ ድምፅ ከፍ ባለ ቁጥር ይግላል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቮልቴጁ ስለሚዘል፣ መብራት ሲጠፋ ወዲያው ንቀሉት፣ ተመልሶ እስኪረጋጋም አትሰኩት።

የቀረው የማሙሽ ሥራ ነው። ሪሲቨሩንና ቴሌቪዥኑን ቀድሞ ያብራ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩን። ዊንዶውስ ላይ የድምፁን ምልክት በቀኝ ተጭኖ ሳውንድ ሴቲንግስ ይግባ፣ ወደ ታች ወርዶ ሞር ሳውንድ ሴቲንግስ የሚለውን ይክፈት። እዚያ ከሚደረደሩት ውስጥ ሪሲቨሩን መርጦ ኮንፊገር ይበል፣ 5.1 የሚለውን (አምስት ስፒከርና አንድ ባስ ማለት ነው) ይምረጥ፣ ቴስት ይጫን። ስፒከሮቹ በየተራ ይጮኻሉ። አንተ ወንበርህ ላይ ቁጭ ብለህ የትኛው እንደጮኸ ንገረው፤ ግራና ቀኙ ከተቀያየረ እዚያው ይታወቃል። ስፓሻል ሳውንድ የሚለው ለጆሮ ማዳመጫ ተብሎ ከተከፈተ ይዝጋው። ጌሙም ውስጥ ገብቶ ድምፁን ከስቴሪዮ ወይም ከሄድፎን ወደ ሱራውንድ ይቀይረው፤ ብዙ ሰው ሁሉን አስተካክሎ ይቺን ይረሳታል። ጌሙ እየሄደ የሪሲቨሩ ስክሪን ላይ መልቲ ቻናል የሚል ከታየ ስድስቱም ገብተዋል።

ከተቀየረ በኋላ ምስሉ ከበፊቱ ከወረደ ሪሲቨሩ ለቴሌቪዥኑ አርጅቷል ማለት ነው። ያኔ ከግራፊክስ ካርዱ አንድ ገመድ በቀጥታ ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ሌላ ገመድ ለድምፅ ብቻ ወደ ሪሲቨሩ ይሂድ። ዊንዶውስ ሪሲቨሩን እንደ ሁለተኛ ስክሪን ስለሚቆጥረው ማሙሽ ኤክስቴንድ ያድርገው፤ ዱፕሊኬት ካደረገው ምስሉ መልሶ ወደ ሪሲቨሩ አቅም ሊወርድ ይችላል።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፣ አባዬ። ማሙሽ ጌሙን ይጫወት፣ ደስ ይለኛል። እኔን ያሳሰበኝ ግን ዜና መስማት መተውህ ነው። «ድምፁ ይሰማኛል፣ ምን እንደሚሉ ግን አይገባኝም» ያልከኝ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣም። ዕድሜ ሲገፋ ጆሮ ቀድሞ የሚያጣው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው፤ እነ ስ፣ ፍ፣ ት በዚያ ውስጥ ናቸው። ለዚህ ነው ድምፅ ብትጨምርም ጩኸቱ እንጂ ቃሉ የማይጠራልህ። እዚያ ሳሎን ውስጥ ያለው ሪሲቨር ደግሞ ለዚህ ይጠቅማል። ፊልም ላይ ንግግር የሚወጣው በአብዛኛው ከመሐለኛው ስፒከር ነው። የሪሲቨሩ ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ የሱን ብቻ በ3 ዴሲቤል ከፍ አድርጉት፣ ካልበቃህ ትንሽ ጨምሩ። ዲሹንም ከሪሲቨሩ ጋር አገናኙት፤ ዜና በሁለት ቻናል ቢመጣም በሪሞቱ ፕሮ ሎጂክ የሚለውን ስትመርጡ ንግግሩን ለይቶ ወደ መሐል ይወስደዋል። መሐለኛው ስፒከር ቁምሳጥን ውስጥ አይደበቅ፣ ፊቱ ወደ ጆሮህ ይዙር። ባሱን ደግሞ ቀንሱት፤ ብዙ ባስ ንግግር ይሸፍናል። የጆሮ ሐኪም ጋ መሄዱን ግን ይሄ አያስቀረውም፣ ቀጠሮውን እህቴ ትያዝልህ።

የኋላዎቹን ከሶፋው ጎን ትንሽ ወደ ኋላ፣ ከጆሮህ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሏቸው። ካርቶኑ ውስጥ ትንሽ ማይክ አለች፣ አልተጣለችም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። አንተ የምትቀመጥበት ቦታ ላይ በጆሮህ ቁመት አቁሟትና ሪሲቨሩ ራሱ የእያንዳንዱን ስፒከር ርቀትና ድምፅ ይለካ። መሐለኛውን ከፍ የምታደርጉት ከልኬቱ በኋላ ነው፣ አለበለዚያ ልኬቱ ያጠፋባችኋል።

ሙዚቃህን ግን በስቴሪዮ ስማው። የአምሃ ሬከርድስ ዘመን ዘፈኖችህ ለአምስት ስፒከር የተቀዱ አይደሉም፤ ሲበተኑ ድምፃዊው ከመሣሪያዎቹ ይርቅብሃል። ሪሞቱ ላይ ስቴሪዮ የሚለውን ተጫን፣ ሁለቱ የፊቶቹ ይበቁሃል።

መልቲ ቻናል የሚለው ካልመጣ የሪሲቨሩን ጀርባ ማሙሽ በደንብ አንስቶ ይላክልኝ፤ አንዳንድ የቆዩት በኤችዲኤምአይ ምስሉን እንጂ ድምፁን አይቀበሉም፣ ያኔ ሌላ መንገድ እንፈልጋለን። ከሆነላችሁ ደግሞ የማታውን ዜና እስከ መጨረሻው ስማና ደውልልኝ። ቃሉ ይጠራልህ እንደሆነ ካንተው መስማት እፈልጋለሁ።

ልጅህ