የተሰረዙ የዊኪ ገጾችና እትሞች አያያዝ ስለመቀየሩ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፤

ጉዳዩ፦ የ«ሰርዝ» ትዕዛዝን አዲስ አሠራር ስለማሳወቅ

መመሪያዎቻችሁንና ቃለ ጉባኤዎቻችሁን የምታኖሩበት፣ በእኛ የሚተዳደረው ዊኪ ዊኪፔዲያም በሚሠራበት በሚዲያዊኪ ሶፍትዌር የተሠራ መሆኑ ይታወቃል። ከመጪው ሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ በዚሁ ዊኪ ላይ የተሰረዙ ገጾችና እትሞች (ገጹ በታረመ ቁጥር የሚቀመጡት ቅጂዎች) የሚያዙበትን መንገድ ስለምንቀይር፣ ምክንያቱንና ከእናንተ የሚጠበቀውን እንደሚከተለው እንገልጻለን።

እስካሁን አንድ አስተዳዳሪ ገጽ ሲሰርዝ፣ የገጹ እትሞች መዝገብ ከመደበኛው ሰንጠረዥ ወጥቶ «አርካይቭ» ወደተባለ ሌላ ሰንጠረዥ ይዛወራል፤ ጽሑፉ ራሱ ግን ከዳታቤዙ ስለማይወጣ አስተዳዳሪው በፈለገ ጊዜ ሊመልሰው ይችላል። ብዙ ሺህ እትሞች ያሉትን ገጽ በዚህ መንገድ ማዛወር ዳታቤዙን ያጨናንቃል፤ ዊኪፔዲያም ከ5000 በላይ እትሞች ያሉትን ገጽ ተራ አስተዳዳሪ እንዳይሰርዝ የሚከለክለው በዚሁ የተነሣ ነው። የእናንተ ገጾች ወደዚህ ቁጥር ስለማይጠጉ ይህ ብዙም አላሳሰበንም። ያሳሰበን አርካይቩ የተሰረዙ እትሞችን የሚያቀርበው በገጹ ርዕስ መሆኑ ነው። «የግዥ መመሪያ» የተባለ ገጽ ተሰርዞ በዚያው ስም ሌላ ቢከፈትና እርሱም በተራው ቢሰረዝ፣ የሁለቱም እትሞች በአንድ ዝርዝር ውስጥ ይደባለቃሉ፤ ሳይለዩ ከተመለሱም የማይገናኙ ሁለት ሰነዶች የአንድ ሰነድ ታሪክ መስለው ለኦዲተር ይቀርባሉ።

በአዲሱ አሠራር እትሞቹ ካሉበት አይነሱም። ገጹ ላይ የመሰረዝ ምልክት ብቻ ይደረግበታል፤ ሲፈጠር የተሰጠውን መለያ ቁጥርም ይዞ ስለሚቆይ ርዕሱ ከሌላ ገጽ ጋር ቢመሳሰልም አይደባለቅም። ሐሳቡ የእኛ ፈጠራ ሳይሆን በሚዲያዊኪ ገንቢዎች ዘንድ ሲመከርበት የቆየ ነው። አደጋም አለው፤ ፍለጋውም ሆነ የቅርብ ለውጦች ዝርዝሩ ምልክቱን ሳይመረምር ካለፈ የተሰረዘ ሰነድ ላልተፈቀደለት ሰው ሊታይ ይችላል። በመሆኑም ምርመራውን ለእያንዳንዱ የፕሮግራም ክፍል ሳንተው፣ ዳታቤዙ በሚነበብበት አንድ ቦታ ላይ አድርገነዋል።

የአንድን እትም ጽሑፍ፣ የአርታዒውን ስም ወይም የለውጡን ማጠቃለያ ለየብቻ መሸፈን (ገጹ ሳይሰረዝ ከተራ አንባቢ መደበቅ) እንደነበረው ይቀጥላል። ሥራ ላይ ያለውን የመጨረሻ እትም ጽሑፍ መሸፈን ግን አይቻልም፤ በቅድሚያ ገጹን አርሞ ማስቀመጥ፣ ከዚያም ሊሸፈን የተፈለገው ቃል ያለባቸውን የቀደሙ እትሞች በሙሉ መሸፈን ያስፈልጋል። ብዙዎች አንዱን እትም ብቻ ሸፍነው የሚተዉት እዚህ ላይ ነው።

በቋሚነት ማጥፋት ከዚህ ሁሉ ተለይቶ ራሱን የቻለ አገልግሎት ይሆናል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰዎች የግል ዳታቸው እንዲጠፋላቸው የመጠየቅ መብት ስለሚሰጥ፣ ተመልሶ ሊነሣ የሚችል ስረዛ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ በቂ ምላሽ አይሆንም ብለን እናምናለን። ጥያቄው በሁለት ኃላፊዎች ተፈርሞ ሲደርሰን ጽሑፉን ከዳታቤዙ እናጠፋለን፤ በመጠባበቂያ ቅጂዎቻችን ውስጥ ያለውም በ30 ቀናት ውስጥ ይወገዳል።

ከዚህ በፊት የሰረዛችኋቸውን ገጾች በመለያ ቁጥራቸው እየለየን ወደ አዲሱ አሠራር እናስገባለን። መለያ ቁጥር ያልተመዘገበላቸውን ግን ከሰነዱ ባለቤት በቀር ማንም በእርግጠኝነት ሊለያቸው ስለማይችል ዝርዝሩን እንልክላችኋለን፤ የትኛው እትም የየትኛው ሰነድ እንደሆነ አመልክታችሁ እስከ ሰኔ 20 ቀን እንድትመልሱልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር
የቴክኒክ ክፍል