ከዝንጀሮ ቆንጆ ላልከኝ ልጄ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን አለህልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትህን ጉልበቱን አሞት ነበር፤ አሁን ቀለል ብሎታል።

ያን ዕለት በስልክ ያልከኝ ነገር ከጆሮዬ አልወጣ አለ። «እማዬ፣ ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራረጣል? የእንግሊዝ ፓርቲዎች ሁሉም አንድ ናቸው። ከእንግዲህ አልመርጥም» አልከኝ። ብሪስቶል ተቀምጠህ ተረቱን አለመርሳትህ ደስ ብሎኛል። ሐሳቡ ላይ ግን አልተስማማንም። በስልክ ስንጀምረው ደግሞ መጯጯህ ብቻ ስለሚሆን መጻፉ ይሻላል አልኩ።

ከእውነትህ ልጀምር። በ2024 ምርጫ እኛ ሌበር ፓርቲን የመረጥነው «የባሰ አታምጣ» ብለን ነው። ከእኛ ሰው ስንቱ የፓርቲውን ማኒፌስቶ ያነበበ ይመስልሃል? ሁላችንም የምናወራው ስለ ሩዋንዳ ነበር። ያኔ ሥልጣን ላይ የነበሩት ቶሪዎች፣ ወግ አጥባቂዎቹ፣ በጀልባ የገባን ስደተኛ ወደዚያ እንጭናለን ብለው ከ2022 ጀምሮ ሲዝቱ ከረሙ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕገ ወጥ ነው ቢላቸው፣ ሩዋንዳ ሰላም አገር ናት የሚል ሕግ በፓርላማ አጸደቁ። የሌበሩ መሪ ስታርመር ሥልጣን በያዘ ማግስት ሰረዘው። 700 ሚሊዮን ፓውንድ ፈሶበት የሄዱት አራት ሰዎች ናቸው፤ ያውም በፈቃዳቸው። ስንት ሰው ያኔ እፎይ ብሎ እንደተኛ እኔ ነኝ የማውቀው።

ከዚያስ? ያው ሌበር በ2025 መጀመሪያ ላይ፣ በሕገ ወጥ መንገድ የገባ ሰው የቱንም ያህል ጊዜ ቢቆይ በአብዛኛው ዜግነት አይሰጠውም የሚል መመሪያ አወጣ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ደግሞ ሌላ ዕቅድ ይዞ መጣ። የስደተኛው ወረቀት በየሁለት ዓመት ተኩሉ ይታይ፣ ቋሚ መኖሪያ ለማግኘትም 20 ዓመት ይጠብቅ አለ። ከቅዳሴ በኋላ ሻይ የምትቀዳልህን ልጅ ታውቃታለህ። በሎሪ ነው የገባችው። ጥገኝነቷ ተፈቅዶላታል፣ ሽማግሌ ትጦራለች፣ ታክስ ትከፍላለች። አሁን የዜግነቱ በር ተዘጋባት። አብራት የምትሠራው ኬንያዊት ግን የእንግሊዝ ፓስፖርት ሳትይዝ ትመርጣለች፤ አገሯ የኮመንዌልዝ፣ በአብዛኛው እንግሊዝ ትገዛቸው የነበሩ አገሮች ማኅበር፣ አባል ናታ። እኛ ቅኝ ባለመገዛታችን እንኮራለን፤ እዚህ አገር ድምፅ ለመስጠት ግን ፓስፖርት እስክናገኝ ወረፋ እንጠብቃለን።

እንግዲህ የመረጥነው ሰው እኛኑ ጎድቶናል። ይህን አልክድህም። ግን ሌላውን ወገን ተመልከት። ሪፎርም የሚባለው ፓርቲ መሪ ፋራጅ በሴፕቴምበር 2025 ወጥቶ ቋሚ መኖሪያ የሚባለውን ነገር ከነጭራሹ አጠፋለሁ አለ። አሁን በእጁ የያዘውም ሰው እንደ አዲስ ቪዛ ይጠይቃል ነው ያለው። አክስትህ ያላት እሱው ወረቀት ነው። ሃያ ዓመት ጠብቂ መባልና የያዝሽውን አምጪ መባል ለሷ አንድ ነው? ሄደህ ጠይቃት።

«የእኔ አንድ ድምፅ ምን ይለውጣል» የምትለውን ደግሞ እኛ ሠፈር ሆነህ አትናገረው። እዚሁ ሄንደን ላይ በ2024 ሌበር ቶሪን ያሸነፈው በ15 ድምፅ ነው። አሥራ አምስት! እኛ ቤት ለማኅበር ጠበል የሚቀመጠው ሰው ከዚያ ይበልጣል። በ2025 ረንኮርን ላይ በተደረገው የማሟያ ምርጫ ደግሞ ሪፎርም ሌበርን በ6 ድምፅ ጣለው። እዚያ ግሪን የሚባለውን ትንሽ ፓርቲ የመረጡት ከሁለት ሺህ በላይ ነበሩ። ኅሊናቸው ንጹሕ ነው፣ ልክ ነው። ወንበሩን ግን የወሰደው ከሁሉ አብልጠው የሚጠሉት ሰው ነው።

አንተ ያለህበት ብሪስቶል ሴንትራል ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ግሪን ሌበርን ከአሥር ሺህ በሚበልጥ ድምፅ ነው የዘረረው። ቶሪውም ሪፎርሙም ከወንበሩ አጠገብ አልደረሱም። ስለዚህ እዚያ «የባሰ ይመጣል» ብሎ የሚያስፈራራህ ሰው ቢኖር አትስማው። ልብህ ያለህን ምረጥ።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ጋ ነው፣ የኔ ጌታ። ተማሪ በሁለቱም አድራሻ መመዝገብ ይችላል፤ በብሔራዊ ምርጫ ድምፅ የሚሰጠው ግን በአንዱ ብቻ ነው። ሄንደን ላይ ብትመርጥ አፍንጫህን ይዘህ የሚሻለውን ምረጥ እልሃለሁ። ብሪስቶል ብትመርጥ ምንም አልልህም። ይህን አቋም የለሽነት ካልከው በለው። ስርዓቱ ራሱ እንዲህ ያደርጋል። በየሠፈሩ አንድ ወንበር፣ አንድ አሸናፊ ነው፤ የተሸናፊው ድምፅ የትም አይደርስም። ሌበር ከመላው ድምፅ አንድ ሦስተኛውን ይዞ ከ650 ወንበር 411 ያፈሰው በዚሁ ነው። ይቀየር ተብሎ በ2011 ሕዝበ ውሳኔ ተጠራና ከመቶው 68ቱ ያህል አንፈልግም አሉ። እኔን አትጠይቀኝ፤ እኔም አልገባኝም።

አሁን አባትህ ወደሚያነሳው ክርክር ልምጣ፤ ከአንተ ክርክር ይልቅ የከበደኝ እሱ ነው። «እምቢ ያሉት አይደሉም እንዴ አገሩን የቀየሩት?» ይላል። እውነቱን ነው። ያኔ ዩኪፕ የሚባለው የፋራጅ ፓርቲ በ2015 ወደ 3.9 ሚሊዮን ድምፅ አግኝቶ አንድ ወንበር ብቻ ነው የደረሰው። በእኛ ሒሳብ የባከነ ድምፅ ነው። ሰዎቹ ግን ቶሪ ይሻለናል ብለው አልታጠፉም። የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ቶሪው ካሜሩንም ድምፅ እንዳይወስዱበት ሰግቶ አስቀድሞ በ2013 ሕዝበ ውሳኔ እጠራለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። በ2016 እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ልውጣ አለች። አንድ ወንበር ይዘው! ውጤቱን አልወደድኩትም፤ ዘዴው ግን እንደሠራ እንዴት እክዳለሁ?

ልዩነቱ አንድ ነገር ላይ ነው። እነሱ ቤት አልተቀመጡም። ሄደው ምልክት አድርገው ተቆጠሩ። ፖለቲከኛ የሚፈራው የሚቆጠረውን ነው። ፓርላማ የገባ ተቃዋሚ ፓርቲ ከመንግሥት የሚሰጠው ገንዘብ እንኳ የሚሰላው በወንበሩና ባገኘው ድምፅ ብዛት ነው። ስለዚህ አንተ ለምትወደው ትንሽ ፓርቲ የሰጠኸው ድምፅ ቢሸነፍም ጽሕፈት ቤታቸው ውስጥ ሥራ ይሠራል። ያልመረጠ ሰውን ግን ማንም አያሰላውም።

ማስረጃ ከፈለግህ አባትህንና ራስህን አስተያይ። መንግሥት በ2024 የጡረተኞቹን የክረምት ማሞቂያ ገንዘብ ከአብዛኞቹ ላይ ቆረጠ። ሽማግሌዎቹ ጮኹ። በቀጣዩ ግንቦት ሌበር በአካባቢ ምርጫ ክፉኛ ተመታ። ወር ገደማ ቆይቶ ለአብዛኞቹ መለሰላቸው። የእናንተ የዩኒቨርሲቲ ክፍያስ? ከ9,250 ወደ 9,535 ፓውንድ ከፍ አለ፤ ማንም ይቅርታ አልጠየቃችሁም። ሽማግሌው ዝናብም ቢዘንብ ሄዶ ይመርጣል። ተማሪው «ከዝንጀሮ ቆንጆ» ይላል።

ደግሞ የሚሻለውን መምረጥ ማለት ከመረጡ በኋላ ዝም ማለት አይደለም። እኛ ሐበሾች ላይ ይህ ነገር አለ፤ አንዴ ከመረጥን የእኛ ሰው ነው ብለን እንሟገትለታለን። የሦስተኛውን ልጅ ቤኔፊት ነገር አስታውስ፤ ከሁለት ልጅ በላይ ላለው ቤተሰብ ለተጨማሪው ልጅ የሚሰጠው ድጎማ ታግዶ ነበር። በ2024 እገዳው ይነሳ ብለው ድምፅ የሰጡ ሰባት የሌበር እንደራሴዎችን ፓርቲው ከቡድኑ አገዳቸው። ጭቅጭቁ ግን አልቆመም፤ የራሱ ሰዎች ናቸው ያስጨነቁት። በኖቬምበር 2025 ያው መንግሥት እገዳው ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ይቅር አለ። ጎረቤታችን አራት ልጅ አላት፤ ዜናውን የሰማሁት ከሷ ነው፣ ከቴሌቪዥን አይደለም። ሥልጣን ላይ ያሉት ቶሪዎች ቢሆኑ ያ ጭቅጭቅ የትም ባልደረሰ። እኔ የሚሻለውን የምመርጠው ብጨቀጭቀው የሚሰማኝ ማንኛው ነው ብዬ ነው። ጥሩ ሰው ስለሆነማ አይደለም።

ሁሉም አስጠልቶህ ወረቀቱን ባዶ አድርገህ ብትከተው እንኳ አልቆጣህም። እሱም ይቆጠራል፤ ከተበላሹት ጋር በውጤቱ ላይ ይነበባል። ከመተኛት ይሻላል።

በል አሁን ሥራ ልስጥህ። በሁለቱም አድራሻ ተመዝገብ፤ ኢንተርኔት ላይ ነው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ለአካባቢ ምክር ቤት ምርጫ እኮ እዚህም እዚያም መምረጥ ትችላለህ፤ ሁለት የተለያየ ካውንስል ስለሆነ። መታወቂያ አትርሳ። የዩኒቨርሲቲ ካርድህን ይዘህ ሄደህ ነበር አሉ ባለፈው፤ እሱን አይቀበሉም። የአባትህን የአዛውንት አውቶቡስ ካርድ ግን ይቀበላሉ፤ ማን አስቦ እንዳወጣው አንተው ገምት። ፕሮቪዥናል መንጃ ፈቃድህ ይሠራል። እሱ የጠፋ እንደሆነ ፓስፖርትህ እኔ ጋ መሳቢያው ውስጥ ነው፤ በሰው እልክልሃለሁ።

በርበሬውና ሽሮው ለአክስትህ ልጅ ተሰጥቷል፤ ቅዳሜ ደውልላትና ተቀበላት።

እናትህ