«ሞተሩ ከኋላ ነው ልጄ»፦ ለሁለት የአማርኛ ጌሞች የድጋፍ ጥሪ

ባለፈው ጥቅምት አራት ኪሎ ወዳለችው ጠባብ ክፍላችን አንድ አዛውንት መጡ። ዕድሜያቸው 77 ነው። በወጣትነታቸው ታክሲ ይነዱ ነበር። ለጌማችን የሠራነውን ሴይቼንቶ፣ ያን ጊዜ ታክሲ የነበረችውን ትንሽ ፊያት መኪና፣ በኮምፒውተር አሳየናቸው። ሰማያዊና ነጭ ቀለሙን ሲያዩ ፈገግ አሉ። ሾፌሩ ወርዶ የፊት ኮፈኑን ከፍቶ ውሃ ሲጨምር ግን እጃቸውን አነሱ። «ሞተሩ ከኋላ ነው ልጄ» አሉ።

የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡና በአየር ላይ መሪ ያዙ። ቀኝ እጃቸው ማርሽ ቀየረ። አራት ሰው ጭነው ከራስ መኮንን ድልድይ ዳገቱን ሲወጡ መኪናዋ እንዴት እንደምታቃስት በድምፅ አሰሙን። ከዚያ ወዲህ አምሳ ሁለት ዓመት አልፏል። እግራቸው አሁንም ፍሪሲዮን ይረግጥ ነበር።

ሁለት ሳምንት የለፋንበትን አፍርሰን እንደገና ሠራነው። ይህን ጥሪ የምጽፈው እንዲህ ያለው ሥራ እንዳይቆም ነው።

እኛ አራት ነን። አንዷ ትሥላለች፣ አንዱ ኮድ ይጽፋል፣ አንዱ ድምፅና ሙዚቃ ይሠራል፣ እኔ ታሪኩንና ንግግሩን እጽፋለሁ። መጀመሪያ ፒያሳ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ነበርን። በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ኮምፒውተሮቹን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ወደ አራት ኪሎ መጣን። አሁን ሁለት ጌሞች እየሠራን ነው። ሁለቱም ስለ ፖለቲካ ናቸው። ሁለቱም በአማርኛ ናቸው። ሲያልቁ ማንም ሰው በነፃ በስልኩ ይጫወታቸዋል።

የመጀመሪያው «ስሙኒ» ይባላል። ያን ጊዜ የታክሲ ሒሳብ ስሙኒ ነበር፣ ስሙን ያገኘነውም ከዚያ ነው። ጌሙ የሚካሄደው በየካቲት 1966 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት መጀመሪያ በአረቦችና በእስራኤል መካከል በተነሳው ጦርነት ሰበብ የዓለም የነዳጅ ዋጋ ናረ። የካቲት ላይ እዚህም የቤንዚን ዋጋ ተጨመረ። የታክሲ ታሪፍ ግን ባለበት ቀረ። የካቲት 11 ቀን ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። መምህራንም ሴክተር ሪቪው የተባለውን የትምህርት ዕቅድ ተቃውመው በዚያው ቀን አደሙ። ሳምንት ሳይሞላ መንግሥት የቤንዚኑን ዋጋ ቀነሰ፣ የትምህርቱንም ዕቅድ አቆየው። ወሩ ሳያልቅ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። ቀጥሎ የመጣውን ሁላችንም እናውቃለን። በየቤታችን ፎቶው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ ወይም ፎቶ እንኳ ያልቀረለት ሰው አለ።

በጌሙ ውስጥ እናንተ ሹፌሩ ናችሁ። መሪ አይደላችሁም፣ ታጋይም አይደላችሁም። መኪናዋ የራሳችሁ አይደለችም፣ ማታ ለባለቤቱ የቀን ገቢ ታስረክባላችሁ። ጠዋት ቤንዚን ስንት እንደምትቀዱ ትወስናላችሁ። ከስድስት ኪሎ ተማሪ ትጭናላችሁ። ከመርካቶ ነጋዴ ትጭናላችሁ። አንድ ቀን ከወሎ ረሃብ ሸሽታ የመጣች እናት ሁለት ልጆቿን ይዛ ትቆማለች። ስሙኒ የላትም። ከኋላዋ ሙሉ ሒሳብ የሚከፍል ሰው ቆሟል። ጌሙ የትኛው ትክክል እንደሆነ አይነግራችሁም። ማታ ግን ባለቤቱ በር ላይ ይጠብቃችኋል።

ሙከራ ላይ ካሉት ልጆች አንዱ ሊስትሮ ነው። ከክፍላችን በታች ይሠራል። ሦስት ጊዜ ከተጫወተ በኋላ በአራተኛው አንድ ነገር አደረገ። ቤንዚን ሊጨመር ነው የሚል ወሬ ከተሳፋሪ ሲሰማ፣ የቀኑን ገቢ በሙሉ ቤንዚን ገዛበት። ታንኩ ሲሞላ ደግሞ «ጀሪካን የለም እንዴ?» ብሎ ጠየቀን። ጀሪካን አልነበረም። አላሰብነውም። አዛውንቱን ጠየቅናቸው። ትንሽ ዝም ብለው «ያደረጉ ነበሩ» አሉ። «እኔም አንድ ጀሪካን አስቀምጬ ነበር። ጎረቤቴ ለምኖኝ አልሰጠሁትም።» ጀሪካኗ ገባች። ጎረቤቱም ገባ። ከጌሙ ሁሉ ከባዱ ምሽት አሁን እሱ ነው።

የእኔ ሥራ ንግግሩ ስለሆነ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። አማርኛ ላይ ሰው ሲናገር ማን ከማን በላይ እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል። ሹፌሩ ተሳፋሪውን «እርስዎ» ይላል። ተሳፋሪው ሹፌሩን «አንተ» ይለዋል። ይህ በየቀኑ የምንሰማው ነገር ነው፣ ልብ አንለውም። «ስሙኒ» ውስጥ አንድ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ አለ፣ በየጠዋቱ ይሳፈራል። አድማው ካለፈ በኋላ ሲመለስ ሹፌሩን «እርስዎ» ይለዋል። አንድ ቃል ናት። ለእኔ ግን ስለዚያ ዘመን ልናገር የምችለው ትልቁ ነገር እዚያች ቃል ውስጥ አለ። ተዋናዩ አሳንሶ ቢላት ታልፋለች፣ አጉልቶ ቢላት ትበላሻለች። ለዚህ ነው ጥሩ ተዋንያን የሚያስፈልጉን።

ሠዓሊያችን ደግሞ ፊደሉን በእጇ ሠርታዋለች። ትልቅ ስልክ ላይ የትኛውም ፎንት ያምራል። እኛ ግን ጌሙ በአሮጌና በርካሽ ስልክ ላይም እንዲሠራ እንፈልጋለን። ትንሽ ስክሪን ላይ «ጨ»፣ «ጩ» እና «ጪ» አንድ ሆነው ይቀራሉ። ስለዚህ 231ዱን ፊደላት አንድ በአንድ፣ ነጥብ በነጥብ ሣለቻቸው። አንዳንዱን ስድስት ሰባት ጊዜ አፍርሳለች። ይህን ፊደል ማንኛውም የአገራችን ጌም ሠሪ በነፃ እንዲጠቀምበት እንለቀዋለን። የእሷ ሐሳብ ነው፣ ሁላችንም ተስማምተናል።

አሁን የደረስንበትን ልንገራችሁ። «ስሙኒ» አሥር ቀን አለው። ስድስቱ አልቀው ይጫወታሉ። ሰባተኛውና ስምንተኛው ተጽፈዋል፣ ሥዕላቸው ግን ገና ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀናት እየጻፍኩ ነው። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ምክንያቱም ዳታ ውድ ነው። የምናወጣው በየካቲት 2019 ነው፣ እግዚአብሔር ከፈቀደ።

ሁለተኛው «ገንዘብ ያዥ» ይባላል። እሱ በእኛው ዘመን ነው። የአንድ ሰፈር ዕድር ገንዘብ ያዥ ትሆናላችሁ። ድንኳን አለ፣ አግዳሚ ወንበር አለ፣ ትልልቅ ድስት አለ፣ መዋጮ ያቋረጠ አባል አለ። ሰፈሩ ሊነሳ ሲሆን አባላቱ ወደተለያየ ኮንዶሚኒየም ይበተናሉ። ካዝናው ይከፈል ወይስ ዕድሩ ይቀጥል? ከሩቅ ለቀብር ማን ይመጣል? ድንኳኑን ማን ይወስዳል? ይህን ያየሁት እናቴ ዕድር ላይ ነው። ስብሰባው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተጀምሮ እስከ ማታ አላለቀም። ድንኳኑ የተሰፋበትን ዓመት የሚያስታውሱ አንዲት እናት ጨርቁን በእጃቸው እየዳበሱ ያለቅሱ ነበር። እንደዚያ ቀን ፖለቲካ በቅርብ አይቼ አላውቅም። ይህ ጌም ገና በወረቀት ካርታና በጠጠር ነው የምንጫወተው፣ ግን የጨዋታው ሕግ ተሠርቷል።

«ፖለቲካ በጌም ይሆናል ወይ?» የሚሉን አሉ። ሞኖፖሊን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። መነሻው አሜሪካዊቷ ኤልዛቤት ማጊ በ1904 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያወጣችበት የባለመሬቶች ጨዋታ ነው። እሷ ያሰበችው ኪራይ ባለመሬቱን ሲያደልብ ተከራዩን እንዴት እንደሚያደኸይ ሰው በእጁ ተጫውቶ እንዲያየው ነበር። መሬት ለአራሹ ብለው ተማሪዎቿ ሰልፍ በወጡባት ከተማ ይህ እንግዳ ነገር አይመስለኝም።

አሁን ስለ ገንዘቡ። ባለፈው ዓመት አንድ ወዳጃችን ስፖንሰር አገኘልን። የሚያስፈልገንን በሙሉ ሊሸፍን የሚችል ሰው ነበር። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ስሙኒ» ውስጥ ያለው ፖሊስ ክፉ ይሁን አለ። የእኛ ፖሊስ ደመወዙ የማይበቃው፣ ወንድሙ ከአድመኞቹ ጋር የታሰረበት ሰው ነው። ሁለት ሌሊት ተነጋገርንበት። ከዚያ አመስግነን መለስነው። ከፓርቲ፣ ከዕጩና ከባለሥልጣንም አንወስድም። ገንዘብ የሰጠ አንድ ሰው ሲሆን ታሪኩም የአንድ ሰው ይሆናል። የሰጠው ሺህ ሰው ሲሆን ግን ማንም መጥቶ «ይህን አውጡ» አይለንም። ወደ እናንተ የመጣነው ለዚህ ነው።

የሚያስፈልገን 620,000 ብር ነው። 120,000 ከራሳችንና ከጓደኞቻችን ተገኝቷል። 500,000 ይቀራል። አንድ ሺህ ሰው አምስት አምስት መቶ ብር ቢሰጠን ይሞላል። ትልቁ ወጪ የተዋንያንና የድምፅ ቀረጻ ነው፣ 210,000 ብር። አሥራ ስድስት ገጸ ባሕርያት አሉ። በነፃ እንሥራላችሁ ያሉን ተዋንያን አሉ፣ እኛ ግን የሰው ጉልበት በነፃ መውሰድ አንፈልግም። ቀጥሎ ላፕቶፕ ነው። ሠዓሊያችን የምትሠራበት በጣም ያረጀ ነው፣ ትልቅ ሥዕል ስትከፍት ይጠፋባታል። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ መቶን አለፈ፣ የላፕቶፕ ዋጋም አብሮ ወጣ። 180,000 ይዘንለታል። መብራት ሲጠፋ የሚያቆየን ባትሪ 90,000 ነው። የቀረው ለሙከራ የሚሆኑ አሮጌ ስልኮች፣ ለአዛውንቶቹ ትራንስፖርትና ለ«ገንዘብ ያዥ» የስድስት ወር ሥራ ነው። ለራሳችን ደመወዝ ከዚህ አልቆረጥንም። ሦስታችን ቀን ሌላ ሥራ አለን።

ገንዘቡ የሚገባው በሦስት ሰው ፊርማ በሚንቀሳቀስ የጋራ ሒሳብ ነው። በቴሌብር ወይም በባንክ ማስገባት ይቻላል። በየወሩ መጨረሻ ስንት እንደገባ፣ በምን ላይ እንደወጣ ከነደረሰኙ እናሳውቃለን። የሰጠ ሰው ከፈለገ ስሙ ጌሙ መጨረሻ ላይ ይጻፋል። አምሳ ብር የሰጠውና አምስት ሺህ የሰጠው እኩል ፊደል ይጻፍላቸዋል፣ ቅደም ተከተሉም በሀ ሁ ነው።

ገንዘብ የሌለው ሰው ደግሞ ሌላ የምንፈልገው ነገር አለው። የ1966 ፎቶ፣ የታክሲ ፈቃድ፣ የዚያን ዘመን የትምህርት ቤት ደብተር፣ የእናቶቻችሁ የዕድር መዝገብ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክፍላችን ክፍት ነው። ይዛችሁ ኑ። እናንተው እያያችሁ ስካን አድርገን እዚያው እንመልሳለን። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያን ጊዜ የነበሩ ወላጅ፣ አያት፣ ጎረቤት ካላችሁ አገናኙን። መምጣት ካልቻሉ እኛ እንሄዳለን። ባለፈው ዓመት ቀጠሮ ይዘንላቸው የነበሩ አንዲት መምህርት ቀጠሯችን ሳይደርስ አርፈዋል። በቀብራቸው ላይ የተዋወቅነው ልጃቸው የጠመኔ ሳጥናቸውን ሰጠን። ሳጥኑ ጠረጴዛችን ላይ ነው። የሚናገሩት ግን አብሯቸው ሄደ።

አንድ ነገር ይቀረኛል። የምትነሳ ሴይቼንቶ እየፈለግን ነው። ቀለሟ ቢለቅም፣ ወንበሯ ቢቀደድም ግድ የለም፣ ሞተሯ ይነሳ። ድምፅ ባለሙያችን ማይክ ይዞ ጠዋት ስትነሳ፣ ዳገት ላይ፣ ቁልቁለት ላይ ይቀርጻታል። ከሌላ መኪና የተቀዳ ድምፅ አስገብተን ነበር። ታክሲ ነጂው ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙትና ራሳቸውን ነቀነቁ። ግቢው ውስጥ ያቆማት፣ ወይም ያቆማትን ሰው የሚያውቅ ካለ ይንገረን። እሳቸውን ይዘን እንመጣለን።