ለጉብኝት ቡድን አባላት፦ ከፋይሉ አትጀምሩ

ሰላም ለሁላችሁም፣

የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች የሚኖሩባቸውን ትንንሽ ቤቶች ስትጎበኙ መጀመሪያ ሳሎን ቁጭ በሉ። ፋይል መቼም ሁሌ ያምራል። ሠራተኛው ሳያንኳኳ መኝታ ክፍል ይገባል? ፍሪጁ ተቆልፏል? ከተቆለፈ ለማን ሲባል?

መናገር የማይችል ነዋሪ "ምንም ቅሬታ የለውም" ተብሎ አይታለፍ። ሠራተኛ ሲጠጋው ፊቱ ምን እንደሚሆን እዩ። በሥዕል መጠየቅም ይቻላል።

መድኃኒቱን ግን ከመዝገቡ ጋር እያስተያያችሁ ፍሬ በፍሬ ቁጠሩ። በተለይ "ሲያስፈልግ" ተብለው የሚሰጡ ማረጋጊያዎችን። ማታ ማታ ከበዙ፣ የሰው ማነስን ለመሸፈን እንዳይሆን ማታ ስንት ሠራተኛ እንደሚያድር ጠይቁ።

የክብደት መዝገቡም አይረሳ። ቀሚሷ የሰፋት ሴት ካለች መዋጥ ከብዷት እንደሆነ፣ ማን እንደሚያጎርሳትም አጣሩ።