የከተማ ስም እየመረጥን ትምህርቱን ረሳነው

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ዩኒቨርሲቲ ምደባ በቅርቡ ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብሁት። ማን የት እንደተመደበ፣ ማን ቅር እንደተሰኘ በደንብ ጽፋችኋል። ልጆቹ ከግቢው በር ከገቡ በኋላ ስለሚገጥማቸው ግን አንድ መስመር አጣሁበት። እኔ በፍኖተ ሰላም ከተማ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼን የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ሲሞሉም፣ ከዓመት በኋላ ለዕረፍት ሲመለሱም አገኛቸዋለሁ። ምርጫ ሲሞሉ ያስጨነቃቸውና ሲመለሱ የሚያስቆጫቸው ነገር አንድ ሆኖ አያውቅም።

በምርጫ ሰሞን ከከተማችን ኢንተርኔት ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ያለ ሰው የምለውን ያያል። አባት ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ከልጃቸው ጀርባ ቆመው «ባሕር ዳርን አስቀድሚ፣ ቅርብ ነው» ይላሉ። ልጅቱ የጓደኛዋን ዝርዝር በስልኳ ፎቶ አንስታ መጥታለች፤ እሱን እያየች ታስሞላለች። ከአምስተኛው ወዲያ ያለውን ቤቱን የያዘው ወጣት እጁ እንደመራው ይሞላና ሒሳቡን ተቀብሎ «ቀጣይ!» ይላል። ሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት ደግሞ ወረፋው ረዝሞ ለመጠያየቅ እንኳ ጊዜ አልነበረም። አንዷን ተማሪዬን «ሀዋሳን ሁለተኛ ያደረግሽው ለምንድን ነው?» ብላት «ሐይቅ አላት ይላሉ» አለችኝ። ጣና አፍንጫዋ ሥር ተኝቶ!

አባቶችን አልወቅስም። መንገዱ በማያስተማምንበት ዘመን ልጁ በአንድ ቀን ጉዞ እንዲደርስለት የማይመኝ ወላጅ የለም፤ ርቀት ራሱን የቻለ ምክንያት ነው። የሚከፋኝ ከርቀትና ከከተማ ስም ሌላ ጥያቄ አለመነሣቱ ነው። ጎጃም ደግሞ በዚህ ጉዳይ መካሪ የሚያሻው አገር አልነበረም። ቅኔ የፈለገ ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጂ፣ ወደ ዲማ ይወርድ ነበር። ድጓ የፈለገ ዓባይን ተሻግሮ እስከ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ እስከ ዙር አባ ይሄድ ነበር። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ ሲነሣ አስቀድሞ የሚያውቀው የሚማረውን ነው፤ አገሩን የሚወስነው ትምህርቱና መምህሩ ነበሩ።

ዛሬም ይህን ማድረግ ይቻላል፤ መረጃው የተደበቀ አይደለም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ብዙ ልጆች እንደሚያስቡት ፔዳና ፖሊ የሚባሉት ግቢዎች ብቻ አይደለም። የመሬት አስተዳደር ተቋም አለው፣ የጨርቃጨርቅ ኢንስቲትዩት አለው። የካዳስተር (የመሬት ይዞታ ልኬትና ምዝገባ) እና የይዞታ ማረጋገጫ ጉዳይ በየወረዳው በሚያወዛግብበት አገር የመሬት አስተዳደርን በምርጫው የሚያስብ ልጅ ግን ብዙም አይገጥመኝም። ጎንደር ከ1940ዎቹ ጀምሮ የጤና ባለሙያ ሲያሠለጥን የኖረ ነው። ግብርና ለሚወድድ የሐረማያ ስም ከሩቅ ይጠራል። ደብረ ማርቆስ ለምሥራቅ ጎጃም ልጅ የቤቱ ደጃፍ ነው፤ እንጅባራም ለአዊና ለአካባቢው እንዲሁ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ስለሚሰጥ ወደዚያ የሚያስብ ልጅ ዝግጅቱ ሌላ ነው። ወደ ግል ኮሌጅ የሚሄድ ደግሞ የኮሌጁን ስም ብቻ አይቶ እንዳይከፍል እለምናለሁ። ፈቃድ የሚሰጠው ለእያንዳንዱ የትምህርት መስክና ለእያንዳንዱ ካምፓስ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ፈቃድ ያለው መስክ ቡሬ ወይም ባሕር ዳር ላይ ላይኖረው ይችላል። ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማጣራት ከአንድ መንፈቀ ዓመት ክፍያ ይረክሳል። የመውጫ ፈተናም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የግሉንም የመንግሥቱንም ተመራቂ እኩል ይጠብቃል።

ይህ ሁሉ ተብሎም ምደባው በተማሪው እጅ አይደለም። ውጤት አለ፣ የቦታ ብዛት አለ፤ የመጀመሪያ ምርጫውን ያላገኘ ብዙ ነው። እዚህ ላይ ነው ትልቁ ስሕተት የሚሠራው። ልጁ ያልፈለገበት ሲደርሰው ወላጅ ዘመድ ይፈልጋል፣ ቅያሪ ያፈላልጋል፣ ቤቱ ለቅሶ ቤት ይመስላል። የፈለገበት የደረሰው ደግሞ ሁሉም ነገር ያለቀ ይመስለዋል። ሁለቱም የዘነጉት ነገር አለ፦ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ገቢ ተማሪ በቀጥታ ወደ ሙያው አይገባም፤ መጀመሪያ የፍሬሽማን ዓመቱን የጋራ ኮርሶች ይወስዳል። ሐኪም ይሁን መሐንዲስ፣ አካውንታንት ይሁን የታሪክ ተማሪ የሚለየው ያ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በዋናነት እዚያ ባስመዘገበው ውጤትና በ12ኛ ክፍል ፈተናው ነው። ስለዚህ ደብረ ማርቆስ ገብቶ የሚፈልገውን ዲፓርትመንት ያገኘ ልጅ፣ ባሕር ዳር ገብቶ ያላሰበው መስክ ላይ ከወደቀው ጓደኛው የተሻለ መርጧል ባይ ነኝ።

የሒሳብ መምህር ነኝና ትንሽ ላስላ። በተፈጥሮ ሳይንስ የመጀመሪያ መንፈቀ ዓመት ከሚሰጡት መካከል ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ እንግሊዝኛ፣ ሥነ ልቡና፣ ሎጂክና የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ ይገኛሉ። ኢንጂነሪንግ የሚመኝ ልጅ በሒሳብና በፊዚክስ ሌሊቱን ያነጋል፤ የቀሩትን «የማኅበራዊ ትምህርት» ብሎ የፈተና ዋዜማ ያገላብጣቸዋል። ስድስቱም እኩል ባለ 3 ክሬዲት ናቸው፣ ኤ 4 ነጥብ፣ ሲ 2 ነጥብ ነው ብለን እንያዝ። በሁለቱ ኤ፣ በአራቱ ሲ ያመጣ ልጅ አማካዩ 2.67 ነው። በሁለቱ ሲ፣ በአራቱ ኤ ያመጣችው ግን 3.33 ይዛ ከፊቱ ትሰለፋለች። ድልድሉ «ይህ ልጅ ሒሳብ ይወድዳል» ብሎ አይራራም፤ ድምሩን ብቻ ያያል። በሒሳብ አንደኛ የነበሩ ተማሪዎቼ በሎጂክና በጂኦግራፊ ምክንያት የተመኙትን ክፍል ሲያጡ አይቻለሁ። በእርግጥ ሒሳብ ሲ ይዞ ኢንጂነሪንግ የገባም ሁለተኛ ዓመት ላይ ዋጋውን ይከፍላል፤ ሲን እንደ ምክር አልሰጥም።

ሁለተኛው ጉዳይ እንግሊዝኛ ነው። ልጆቻችን የአንደኛ ደረጃን በአማርኛ ተምረው ዘጠነኛ ክፍል ላይ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራሉ፤ እውነቱን ለመናገር እኛም መምህራኑ ማስረዳቱን በአማርኛ እንጨርሰዋለን። ዩኒቨርሲቲ ላይ ከሐረር ወይም ከወላይታ የመጣ ተማሪ አጠገቡ ሲቀመጥ መምህሩ አማርኛውን ይተወዋል። ያን ጊዜ ጎበዙ ልጅ ዝም ይላል፤ ዝምታው ሰነፍ ያስመስለዋል። ለፍሬሽማን ኮርሶች በጋራ የተዘጋጁ ሞጁሎች አሉ። ጥሪ እስኪደርስ በሚጠበቁት ሳምንታት የሎጂኩን ወይም የሥነ ልቡናውን ሞጁል መዝገበ ቃላት ይዞ ሁለት ምዕራፍ ያነበበ ልጅ፣ የመጀመሪያው ወር እንደ ሌላው አያደናግረውም። ከዘመድ ቤት ዘመድ ቤት እየዞሩ ከመሰናበት ይህ ይሻላል፤ ስንብቱ አይቅር ካላችሁም ማታ ማታ ይነበባል።

የቀረውን በአጭሩ ላንሣው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምዝገባ፣ ዶርምና መታወቂያ ሲባል ያልቃሉ፤ ሚድ ፈተና የሚደርሰው ልጁ ላይብረሪው የት እንደሆነ ገና ሲለምድ ነው። ከሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ጋር የሚውል ልጅ የቱ ዲፓርትመንት ምን እንደሚያስተምር ሳይመርጥ ያውቃል። ውጤት ተሳስቶ ከተመዘገበ ቅሬታ ማቅረቢያ ቀን አለው፤ ቀኑ ካለፈ ሰሚ አይገኝም። ለሴት ልጆቻችን ደግሞ የሥርዓተ ፆታ ክፍል የሚባል ቢሮ በየዩኒቨርሲቲው አለ፤ ችግር ሳይገጥም በሩን ማወቅ ነውር አይደለም።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ያለፉት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። በእኛ አካባቢ ደግሞ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ዓመት የባከነበት ልጅ ብዙ ነው። የማለፊያ ውጤት ላላመጡ በሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት (ሬሚዲያል) በኩል ዞረው የገቡትም አሉ። እንዲህ ባለ ወንፊት ያለፈ ልጅ ግቢ ውስጥ በመረጃ እጦት ሲደናቀፍ ማየት ያበሳጫል። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በገባበት ዩኒቨርሲቲ የዲፓርትመንት ድልድሉ መስፈርት የተለጠፈው የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ፈተና ካለቀ በኋላ ነው። ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ የሮጡት ስንት ዙር እንደሆነ ሳይነገራቸው ነበር።

ስለዚህ የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ያለፈው ዓመት በየዲፓርትመንቱ ስንት ተማሪ እንደተቀበለ፣ የመጨረሻው ገቢ በስንት ነጥብ እንደገባና ድልድሉ በምን ስሌት እንደተሠራ በአንድ ገጽ ያውጣ፤ የዞን ትምህርት መምሪያዎችም ምርጫ ከመሞላቱ በፊት በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ያስለጥፉት። የምክር አገልግሎት መምህር የሌለው ትምህርት ቤት ቢያንስ ሰሌዳ አያጣም። እናንተም ጋዜጠኞች ከሦስቱ የአካባቢያችን ዩኒቨርሲቲዎች፣ ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስና ከእንጅባራ ጀምራችሁ ይህን ቁጥር ጠይቃችሁ ብታትሙልን፣ ገጹን ቆርጬ ከክፍሌ በር ላይ የምለጥፈው እኔ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሒሳብ መምህር፣ ከፍኖተ ሰላም