ሳልነግርሽ ተከተብኩ

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ትናንት የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ተከተብኩ። «እማ፣ ጭንቅላትሽ በደንብ ሳይጠግግ እንዳትከተቢ» ማለትሽን አልረሳሁም። ጭንቅላቴ ውስጥ የደም ስር የፈነዳ ቀን ወለል ላይ ወድቄ ያገኘሽኝ አንቺ ነሽና ፍርሃትሽ ይገባኛል። ግን ዝም ብዬ አልሄድኩም፤ ሐኪሜን ጠይቄ ነው።

መጀመሪያ ያነሳሁላቸው ያንቺን ጭንቀት ነው፤ ክትባት ደም ያረጋል የሚለውን። እ.ኤ.አ. በ2021 የተወራው ችግር በአስትራዜኔካና በጆንሰን ኤንድ ጆንሰን የኮቪድ ክትባቶች ላይ እጅግ አልፎ አልፎ የታየ ነው፤ ደሙ ይረጋ የነበረውም በአብዛኛው ደም መላሽ ስር ውስጥ ነበር። የኔ አኑሪዝም ደግሞ የደም ወሳጅ ግድግዳ ሳስቶ፣ አብጦ የፈነዳ ነው። ሁለቱ አይገናኙም። በመርፌ የሚሰጠው የኢንፍሉዌንዛ ክትባትም ሕያው ቫይረስ የለበትም። ይልቅ እኔ የምፈራው በሽታው ራሱ ቢይዘኝ ነው፤ ብርቱ ኢንፌክሽን ስትሮክ የመምጣት ዕድሉን ከፍ ያደርጋል። ሆስፒታል በተኛሁባቸው በመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት ቢሆን ግን እኔም እምቢ እል ነበር፤ ያኔ ትንሽ ትኩሳት እንኳ ሐኪሞቹን ያደናግራል።

ጥንቃቄ የሚያሻው መድኃኒቴ ነው። ስቴንት፣ ማለትም የደም ስሩን ከውስጥ የሚደግፍ ትንሽ የሽቦ ቱቦ፣ ስለገባልኝ አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል በየቀኑ እውጣለሁ፤ ሁለቱም ደም ቶሎ እንዳይረጋ ያደርጋሉ። ነርሷ መርፌውን ሳታዘጋጅ ነገርኳት። ቀጭኑን መርጣ ወጋችኝና ጥጡን አጥብቃ ያዘችልኝ። እጄ ሊያሸው ሲሄድ «እንዳያሹት!» ብላ ከለከለችኝ፤ የግድግዳውን ሰዓት እያየን 2 ደቂቃ ሙሉ ተጫንነው። ማታ ያየሁት የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ሰማያዊ ምልክት ብቻ ነው። ወረፋ ላይ አንዲት ሴት ለክትባቱ ብላ ኪኒኗን ለ2 ቀን እንዳቋረጠች ስትነግረኝ ክው አልኩ። እሷም ስቴንት አላት። በገዛ ፈቃድ ማቋረጥ ስቴንቱ ውስጥ ደም ሊያረጋ ይችላል፤ ዛሬውኑ ሐኪሟን እንድትጠይቅ ለመንኳት።

ሌሊት ትንሽ አተኮሰኝ፤ ራሴንም አመመኝ። ፓራሲታሞል ዋጥኩ። አይቡፕሮፌን ከነዚያ መድኃኒቶች ጋር መድማትን ስለሚያብስ አልነካሁትም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ተነስቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሕመሙን አዳመጥኩት። ያ አኑሪዝሙ ሲፈነዳ የመጣው ሕመም እኮ እንደ መብረቅ ነበር፤ በሰከንዶች ውስጥ ነው ጥግ የደረሰው። ይሄኛው ቀስ ብሎ መጣ፣ ሲነጋ ለቀቀኝ። ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት፣ የአንገት መገተር፣ ማስመለስ፣ የፊት መጣመም ወይም የአንደበት መተሳሰር ካየሽብኝ ግን «የክትባቱ ነው» ብለሽ እንዳትጠብቂ፤ ወዲያው አምቡላንስ ጥሪ።

የክትባት ካርዴን ከስቴንቱ ካርድ ጋር በአንድ ፖስታ አድርጌ የላይኛው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ዛሬ ማታ ደውይልኝ፤ ሁለቴ ሳይጠራ አነሳዋለሁ።

እናትሽ